የመጀመሪያ ጎማህን በገዛ እጅህ ስታበጅ፦ ለአጋርፋ ወጣት የተጻፈ ምክር

ልጄ ሆይ፣

በባሌ፣ በሮቤም ሆነ በጎባ፣ በእኛዋ አጋርፋም፣ ከብስክሌት ሁሉ ቀድሞ የሚሸነፈው ጎማው ነው። ቴላዮው ዘመን ይሻገራል፤ ማኑብሪውም ፔዳሉም ይቆያል። ጎማው ግን በጭቃና በኮረኮንች ጥቂት ወራት ከተመላለሰ ይወላገዳል፣ ራጂው ይቆረጣል፣ ፍሬኑን እያሻሸ ይዞራል። ያኔ ብዙ ሰው ተሠርቶ ያለቀ ጎማ ከገበያ ይገዛል። በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው ጎማ በጥድፊያ የተገጣጠመ፣ ራጂው የላላና እኩል ያልተወጠረ ነውና ብዙም ሳይቆይ ባለቤቱ እንደገና ገበያ ይወጣል።

ከዚህ ዑደት መውጫው ጎማን በራስ እጅ መሥራት ነው። ሥራው ልዩ ተሰጥኦ አይጠይቅም፤ ጥቂት መሣሪያ፣ ንጹሕ ልኬትና ትዕግሥት ይበቃዋል። ከዚህ በታች የምልህን ሁሉ የሚሸከመው ግን አንድ ነገር ነው፦ ጎማ የሚጸናው ራጂዎቹ ሁሉ በበቂና በእኩል ውጥረት ሲሳቡ ነው። ቀጥ ብሎ የሚዞር ጎማ ዓይንን ያስደስታል፤ ውስጡ እኩል ካልሆነ ግን ቀጥታው አይከርምም። ይህን ከያዝክ የቀረው ሁሉ ቅደም ተከተል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ጎማ የምለው ሞዞው (የመሃሉ እምብርት)፣ ራጂው (ቀጫጭኑ ሽቦ) እና ቸርኬው (የዳሩ ክብ) በአንድነት ሲቆሙ ነው፤ ላዩ ላይ የሚለብሰውን ላስቲክ እለዋለሁ።

1. ጎማ ጭነትን እንዴት እንደሚሸከም አስቀድመህ ተረዳ።

የጥንቱ የእንጨት መንኮራኩር ጭነቱን የሚሸከመው ከታች ባለው ወፍራም እንጨት ላይ ቆሞ ነው፤ እንጨቱ ይጨመቃል፣ ይችላል። ራጂ ግን 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ነው። ብትገፋው ይጎብጣል፤ ብትስበው ግን ብርቱ ነው። ስለዚህ ጎማ ሲሠራ ራጂው ሁሉ ገና ጭነት ሳይነካው በኃይል ይወጠራል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኬይሊ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1808 የነደፈው ለሚያስበው የበረራ መሣሪያ ቀላል ጎማ ሲፈልግ ነበር።

ሰው ሲቀመጥበት መሬት የነካው የቸርኬ ክፍል በጣም በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ በዚያ ቦታ ያሉት ራጂዎች ውጥረታቸው ይቀንሳል። የቀሩት ብዙም አይለወጡም። ጎማው ሲዞር እያንዳንዱ ራጂ ተራው ሲደርስ ይላላል፣ ተመልሶ ይወጠራል። የ26 ኢንች ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 480 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሰህ ስትመለስ እያንዳንዱ ራጂ ከ13,000 ጊዜ በላይ ላልቶ ተወጥሯል ማለት ነው።

ራጂ በአብዛኛው የሚቆረጠው በዚህ መመላለስ ደክሞ ነው፤ የሚቆረጠውም ብዙ ጊዜ ሞዞው ላይ በሚታጠፍበት አንገቱ ላይ ነው። በደንብ የተወጠረ ራጂ ጭነት ሲመጣ ጥቂት ቢላላም ከቦታው አይነቃነቅም። ቀድሞውኑ የላላው ግን ጭራሽ ውጥረቱን ያጣና አንገቱ በቀዳዳው ውስጥ ይወዛወዛል፤ ቶሎ የሚቆረጠውም እሱ ነው። ብዙ ሰው «ራጂው የተቆረጠው በጣም ስለጠበቀ ነው» ይላል። በአብዛኛው እውነቱ ተቃራኒው ነው።

2. ለምትሄድበት መንገድና ለምትጭነው ጭነት ሥራ።

የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ «ጋና» እና «ቦና» በሚባሉት ወቅቶች ይዘራል፤ ሁለት ጊዜም ጭቃ አለው። ጥቁሩ አፈራችን ሲርስ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና መንገዱን ጎርበጥባጣ ያደርገዋል። ብስክሌቱም ሰው ብቻ አይጭንም፤ የስንዴ ከረጢት ወይም ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ኋላው ላይ ይታሰራል። ለውድድር የሚሠራ ቀጭንና ጥቂት ራጂ ያለው ጎማ ለዚህ አልተፈጠረም።

ለመጀመሪያ ሥራህ 36 ቀዳዳ ያለው ሞዞና ቸርኬ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ራጂና ራጂውን ቸርኬው ላይ የሚይዝ የናስ ዳዶ ምረጥ። የድሮዎቹ ትልልቅ ብስክሌቶች ብዙ ጊዜ ከፊት 32፣ ከኋላ 40 ራጂ አላቸው፤ እነሱም ጠንካሮች ናቸው፤ የራጂ ርዝመት ስሌታቸው ግን ይለያል። ቸርኬህና ሞዞህ አንድ ዓይነት የቀዳዳ ቁጥር እንዳላቸው ሳትቆጥር ከገበያ አትውጣ።

አሠራሩ እያንዳንዱ ራጂ በወገኑ ካሉት ሦስት ራጂዎች ጋር የሚሻገርበት ይሁን። ፔዳሉን ስትረግጥ ካቴናው የኋላውን ሞዞ ይጠመዝዘዋል። ራጂው ከሞዞው ቀጥ ብሎ ቢወጣ ይህን ጠምዛዛ ኃይል የሚቋቋምበት አቅም የለውም፤ ወደ ጎን አዘንብሎ ሲወጣ ግን ኃይሉን ስቦ ወደ ቸርኬው ያደርሳል። ጄምስ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1874 በስሙ ያስመዘገበው ይህንኑ አሠራር ነው፤ እስከ ዛሬ የዓለም ብስክሌት በብዛት የሚሄደው በዚያ ነው።

3. ከፊት ጎማ ጀምር።

የፊት ጎማ ሁለቱም ወገኖቹ እኩል ናቸው፤ የራጂው ርዝመት አንድ ነው፣ ውጥረቱም ከግራ ቀኝ አንድ ነው። የኋላው ግን የካቴናውን ጥርስ ስለሚሸከም ወገኖቹ ይለያያሉ። መጀመሪያ እኩል የሆነውን ሥራ፤ እጅህ የዳዶውን ጠባይ፣ ዓይንህ የቸርኬውን እንቅስቃሴ ይልመድ። ከዚያ በኋላ የኋላው አያስፈራህም።

ጊዜም ስጠው። ሲመሽ አትጀምር፣ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀህም አትጀምር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህ ሥራ ጭምር ነው። ሲደክምህ ቁልፉን አስቀምጠህ ነገ ቀጥል፤ ግማሽ የተሠራ ጎማ ቢያድር አይበላሽም።

4. አሮጌውን ዕቃ በጥርጣሬ መርምር።

አሮጌ ሞዞ ደህና ከሆነ ለአዲስ ጎማ ይሆናል። ፍታው፤ ኳሶቹንና የሚቀመጡበትን ገንዳ በናፍጣ እጠብ፤ ገንዳው ከተቦረቦረ ተወው፤ ካልተቦረቦረ በአዲስ ኳስና በአዲስ ግራሶ ግጠመው። ፔርኖው ቀጥ ያለ መሆኑን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባልለህ እይ። ራጂ የሚገባባቸውን የክንፍ ቀዳዳዎች በብርሃን ተመልከት፤ ከቀዳዳ ወደ ጠርዝ የሚሄድ ስንጥቅ ካየህ ሞዞው አብቅቷል። ጤነኛ ከሆነም የድሮዎቹ ራጂዎች ክንፉ ላይ የተዉትን ጠባሳ አስተውልና አዲሶቹን በዚያው አቅጣጫ አስተኛቸው፤ አቅጣጫውን ብትለውጥ ክንፉን በአዲስ ቦታ ታቆስለዋለህ።

ቸርኬውን ደግሞ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኛው፤ በብዙ ቦታ ከተነሳ ወይም በአንድ ቦታ ከተቆለመመ ራጂ አያድነውም። የተጣመመ ቸርኬ በውጥረት ኃይል ቀጥ ቢል እንኳ አንዱን ራጂ አጥብቀህ አንዱን አላልተህ ነውና፣ መጀመሪያ የነገርኩህን እኩልነት ታጣለህ። ፍሬን የሚይዝበትን ጎን በተለይ ፈትሽ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከሳነቴ አምባ ወደ ጎባ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት በፍሬን ይወርዳል፤ ዝናብና አሸዋ ሲጨመርበት የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የማስመሪያ ጠርዝ ጎኑ ላይ አስደግፍ፤ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ብርሃን ካሳለፈ ቸርኬው ሳስቷል። እንዲህ ያለው በላስቲኩ ንፋስ ተገፍቶ በጉዞ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ዋጋው አያሳሳህ፤ ጣለው።

ልክን በተመለከተ «28» ወይም «26» የሚለውን ቁጥር ብቻውን አትመን። ላስቲኩ ጎን ላይ ሦስት አሃዝ ያለው ቁጥር ታትሟል፤ ቸርኬው የሚለካው በእሱ ነው። የተለመደው የተራራ ብስክሌት 559 ነው። «28» ከሚባሉት ውስጥ አንዱ 622፣ የድሮው ትልቁ ደግሞ 635 ነው፤ በ13 ሚሊ ሜትር ይለያያሉና የአንዱ ላስቲክ ለሌላው አይሆንም። ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ መርካቶ ለሚሄድ ሰው ቁጥሩን በወረቀት ጽፈህ ስጠው።

5. ራጂ ሳትገዛ ለካ፣ አስላ።

ጎማ ገና ሳይጀመር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ራጂ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢያጥር ዳዶው የራጂውን ጥርስ በደንብ አይዝም፤ ቢረዝም ጫፉ ወጥቶ ካላማዳሪውን ይበሳል፣ ወይም ጥርሱ አልቆ ማጥበቅ ያቅትሃል።

ቸርኬውን እንዲህ ለካ። ሁለት አሮጌ ራጂ ውሰድና የታጠፈውን ጫፍ ቆርጠህ እያንዳንዳቸውን ልክ 200 ሚሊ ሜትር አድርግ። ትይዩ በሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አስገባቸው፤ የራጂው ጫፍ ዳዶው ራስ ላይ ካለው የካቻቢቴ ስንጥቅ ወለል እስኪደርስ ዳዶውን ጠምዝዝ። ሁለቱን ወደ መሃል ሳባቸውና በተቆረጡት ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ለካ፤ 400 ደምርበት። ይህ የቸርኬው የሥራ ስፋት ነው። በሌላ አቅጣጫም ለክተህ አማካዩን ያዝ።

ከሞዞው ሁለት ልኬት ያስፈልግሃል፦ የክንፉ ቀዳዳዎች የሚሠሩት ክብ ስፋት፣ እና ከሞዞው መሃል እስከ ክንፉ ያለው ርቀት። አሁን በምሳሌ ላሳይህ። የቸርኬው ስፋት 540 ቢሆን ግማሹ 270 ነው። የክንፉ ክብ 44 ቢሆን ግማሹ 22 ነው። ከመሃል እስከ ክንፍ 34 ይሁን።

270 በ270 ሲባዛ 72,900፤ 22 በ22 ሲባዛ 484፤ 34 በ34 ሲባዛ 1,156። ድምሩ 74,540። ከዚህ ላይ 270 በ22 ሲባዛ የሚገኘውን 5,940 ቀንስ፤ 68,600 ይቀራል። ስልክህ ማስያ ላይ ስኩዌር ሩቱን ስትፈልግ 261.9 ይሰጥሃል። በመጨረሻ የክንፉን ቀዳዳ ስፋት ግማሽ፣ 1.3 ያህል፣ ቀንስ፤ 260.6 ሚሊ ሜትር። ገበያ ላይ 260 ወይም 261 ያለውን ግዛ፤ ሁለት ርዝመት መካከል ከወደቅህ ወደ አጭሩ አዘንብል። ይህ አጭር መንገድ የሚሠራው 36 ራጂ ላለውና ሦስት ጊዜ ለሚሻገር ጎማ ብቻ ነው። ስትገዛም ሁለት ሦስት ትርፍ ራጂ ያዝ፤ በኋላ አንድ ሲቆረጥ ልኩን ፍለጋ አትንከራተትም።

6. መሣሪያህ ጥቂት ይሁን፣ ልክ ይሁን።

ዋናው የራጂ ቁልፍ ነው፤ ለዳዶው ልክ ይሁን። የሰፋ ቁልፍ የዳዶውን ማዕዘን ያሟልጫል፤ ፒንሳ ደግሞ ይበላዋል። ካቻቢቴ፣ ማስመሪያ፣ ጠመኔና ሞረድ ጨምር። ጎማ ማቃኛ ማሽን ባይኖርህ አትጨነቅ፤ ብስክሌቱን ገልብጠህ የፊት ሹካውን ተጠቀም። በሁለቱ የሹካ እግሮች ላይ ወደ ቸርኬው የሚያመለክቱ ቀጫጭን እንጨቶች እሰር፤ በእንጨቱና በቸርኬው መካከል ያለው ክፍተት ሚዛንህ ነው።

ለራጂው ጥርስ የሚቀባውን ደግሞ አገራችን ራሷ ታበቅለዋለች፤ የተልባ ዘይት። ለቀለም ሥራ የሚሸጠው የተፈላ የተልባ ዘይት ሥራው ሲከናወን ዳዶውን ያለሰልሳል፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ሙጫ ሆኖ ዳዶው በመንቀጥቀጥ እንዳይፈታ ይይዘዋል። በሌሎች አገሮች ያሉ የቆዩ የጎማ ባለሙያዎችም ይህንኑ ይቀባሉ። የእኛ ደጋ ብርድ የመድረቂያውን ጊዜ ያስረዝመዋልና ጥቂት ቀናት ስጠው። ፍሬን የሚይዝበት ጎን ላይ እንዳይነካ ተጠንቀቅ። አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብህ፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተህ ከቤት ውጭ አድርቀው።

7. ራጂውን በአራት ቡድን ደርድር።

36ቱን አንድ ላይ ስታያቸው ግራ ያጋባሉ፤ ዘጠኝ ዘጠኝ አድርገህ ስትከፍላቸው ግን መንገዱ ይገለጣል። የቸርኬውን ቀዳዳዎች ብታይ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ዘንበል እያለ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ወገን ክንፍ ነው።

የመጀመሪያው ቡድን፦ በቀኙ ክንፍ ላይ አንድ ቀዳዳ እየዘለልክ ዘጠኝ ራጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አስገባ። አንዱን ከንፋስ መሙያው ቀዳዳ አጠገብ ባለውና ወደ ቀኝ በሚያዘነብለው ቀዳዳ አግባ፤ ዳዶውን ሁለት ሦስት ዙር ብቻ አሲዝ። ከዚያ በቸርኬው ላይ ሦስት ሦስት ቀዳዳ እየተውክ የቀሩትን ስምንት አሲዝ። ሁለተኛው ቡድን፦ ወደ ግራ ክንፍ ዙርና ዘጠኙን እንዲሁ ከውጭ አስገባ። የግራው ክንፍ ቀዳዳዎች ከቀኙ ፊት ለፊት አይደሉም፤ በመካከላቸው ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ራጂ ከመጀመሪያው ቡድን ራጂ ጎን፣ ከንፋስ መሙያው በሚርቀው በኩል ይቀመጥ፤ ሞዞው ላይም ቸርኬው ላይም በዚያው በኩል።

አሁን ሞዞውን በእጅህ አዙረው፤ ከንፋስ መሙያው አጠገብ ያለው ራጂ ከእሱ እየራቀ እንዲያዘነብል። ሦስተኛው ቡድን በቀኙ ክንፍ በቀሩት ቀዳዳዎች ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣና በተቃራኒው አቅጣጫ ያዘነብላል። በመንገዱ ሦስት የመጀመሪያው ቡድን ራጂዎችን ያገኛል፤ ሁለቱን ከላይ አሳልፈው፣ በሦስተኛው ሥር ግን አሾልከው፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ወደሚያዘነብለው ባዶ ቀዳዳ አግባው። አራተኛው ቡድን በግራው ክንፍ ይህንኑ ይደግማል።

ስትጨርስ ሁለት ነገር አረጋግጥ። በእያንዳንዱ ወገን የራጂው አቀማመጥ ያለማቋረጥ አንድ ዓይነት ይሁን፤ የንፋስ መሙያው ቀዳዳም ከእሱ በሚሸሹ ሁለት ራጂዎች መካከል ይውደቅ፤ የፓምፑ አፍ የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ካልሆነ አሁን ፍታው። ሳይወጠር መፍታት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ከተወጠረ በኋላ ግን ቀንህን ይወስዳል።

8. በግማሽ ዙር አጥብቅ፣ ከንፋስ መሙያው እስከ ንፋስ መሙያው።

በመጀመሪያ ሁሉንም ዳዶ በአንድ ልክ አስገባ፤ የራጂው ጥርስ ዳዶው ውስጥ ልክ እስኪሰወር ድረስ። ይህ እኩል መነሻ ነው፤ እኩል ካልተነሳህ እኩል አትደርስም። ከዚያ ከንፋስ መሙያው ቀዳዳ ጀምረህ እያንዳንዱን ግማሽ ዙር አጥብቀህ ተመለስ። አንድ ሙሉ ዙር ራጂውን 0.45 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይስባል፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ውጥረቱ ሲበረታ ሩብ ዙር እንኳ ቸርኬውን ያንቀሳቅሳል። አቅጣጫው እንዳይጠፋህ ዳዶውን ሁልጊዜ ከላስቲኩ በኩል እንደምታየው አስብ፤ ከዚያ በኩል ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል።

ራጂዎቹ መሳብ ሲጀምሩ ጎማውን በሹካው ላይ አዙር። መጀመሪያ ክቡን አስተካክል፤ ቸርኬው ወደ ውጭ በሚያብጥበት ቦታ የግራውንም የቀኙንም ራጂ እኩል አጥብቅ፣ ጠፍጣፋ በሆነበት ደግሞ ሁለቱንም አላላ። ከዚያ የጎን ውልግድናውን ተከተል፤ ወደ ቀኝ ከሄደ በዚያ ቦታ የግራዎቹን ሩብ ዙር አጥብቅ፣ የቀኞቹን ያንኑ ያህል አላላ። ቀጥሎ ጎማውን ገልብጠህ ግራውን ቀኝ አድርገህ ሹካው ላይ መልሰው፤ ቸርኬው በዚያው ቦታ ከቆመ መሃሉን ይዟል። አንድ ዙር አስተካክል፣ አንድ ዙር አጥብቅ፣ ደግሞ አስተካክል። ሁሉንም በመጨረሻ ለማቃናት የሚያስቀር ሰው አያቃናም።

ውጥረቱ ሲጨምር ራጂው ራሱ ከዳዶው ጋር አብሮ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ከምትፈልገው ጥቂት አሳልፈህ ያንኑ ያህል መልስ። የመጨረሻው ውልግድና ከግማሽ ሚሊ ሜትር ካልበለጠ መልካም ነው፤ ለጭነት ብስክሌት አንድ ሚሊ ሜትርም ያስኬዳል። ቀጥታውን ለማሳመር ብለህ እኩልነቱን አትሽጥ።

9. በጆሮህ ፍረድ።

የውጥረት መለኪያ መሣሪያ ውድ ነው፤ ጆሮህ ግን አለህ። እያንዳንዱን ራጂ በጥፍርህ ምታው። ክራር የሚቃኝ ሰው አውታሩን እየመታ መቃኛውን እንደሚነካ፣ አንተም እየመታህ ዳዶውን ትነካለህ፤ ልዩነቱ ያንተ የአንድ ወገን ራጂዎች ሁሉ አንድ ድምፅ እንዲሰጡ መፈለግህ ነው። በብዙ ጥርት ያሉ ድምፆች መካከል አንድ የደነዘዘ ከሰማህ ያ ራጂ አይሠራም፤ ጎረቤቶቹ የእሱን ድርሻ እየተሸከሙ ነው። እሱን ግማሽ ዙር አጥብቅና በዚያው ወገን ግራና ቀኙ ያሉትን ሩብ ሩብ ዙር አላላ፤ ቀጥታው ሳይነካ ሸክሙ ይከፋፈላል።

በቂ ጠብቋል አልጠበቀም ለማለት ደግሞ መልካም ስም ያለው፣ የራጂው ርዝመትና ውፍረት ከአንተው ጋር አንድ የሆነ ጎማ ፈልግና ድምፁን አወዳድር። ከዚያ ጎን ለጎን የሚሄዱትን ራጂዎች ጥንድ ጥንድ አድርገህ በጓንት በተሸፈነ እጅህ በኃይል ጨብጥ፤ ጎማውን በሙሉ እንዲሁ ዙር። ይህ ራጂውን በሞዞው ቀዳዳ ያስቀምጠዋል፣ የድካም ምንጭ የሆነውን የአንገቱን ውስጣዊ ጭንቀትም ይቀንሳል። ከጨበጥክ በኋላ ቸርኬው በብዙ ቦታ ድንገት ከተወላገደ ውጥረቱ ከልክ አልፏል፤ ሁሉንም ግማሽ ዙር መልስና እንደገና አቃና።

10. የኋላው ጎማ ሁለት ፊት እንዳለው እወቅ።

ከኋላ በቀኝ በኩል ጥርሱ ስለሚቀመጥ የቀኙ ክንፍ ወደ ሞዞው መሃል ይቀርባል። ስለዚህ የቀኝ ራጂዎች ይበልጥ ቆመው ይሄዳሉ፣ ርዝመታቸውም ከግራው በአንድ ወይም በሁለት ሚሊ ሜትር ያንሳል፣ ቸርኬውን መሃል ለማቆምም ከግራዎቹ ይበልጥ መጥበቅ አለባቸው። በምክር 5 ያሳየሁህን ስሌት ለቀኝና ለግራ ለየብቻ አስላ።

ግራውን ከቀኙ ጋር በድምፅ አታወዳድር፤ ቀኙ ከቀኝ ጋር፣ ግራው ከግራ ጋር እኩል ይሁን። መጀመሪያ ቀኙን ወደ ሙሉ ውጥረት አድርስ፤ ግራዎቹን ደግሞ ቸርኬው መሃል ላይ እስኪቆም ሳብ። ከሰውዬውም ከጭነቱም ክብደት የሚበዛው በኋላው ጎማ ላይ ነውና ጊዜህንና ትዕግሥትህን እዚህ ላይ አብዛ።

11. በባዶ ንዳ፣ አቃና፣ ከዚያ ጫን።

ላስቲክ ከማልበስህ በፊት በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ ጣትህን አሳልፍ፤ ብቅ ያለ የራጂ ጫፍ ካለ በሞረድ ብላው። ከአሮጌ ካላማዳሪ ቀጭን ቀበቶ ቆርጠህ የቸርኬውን ወለል አልብስ፤ ለንፋስ መሙያው ቀዳዳ አብጅለት። ከዚያ ያለ ጭነት ጥቂት ንዳው። በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ራጂዎቹ ጥቃቅን ድምፅ ሊያሰሙ ይችላሉ፤ ሲጠብቅ የተጠማዘዘው ራጂ እየተመለሰ ነው። መልሰህ ሹካው ላይ ስቀለው፣ አቃናው፣ በድምፅም ፈትሸው። ጄሪካኑ የሚጫነው ከዚህ በኋላ ነው።

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ደግመህ እየው። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ሲገባና ሲወጣ ብትፈትሸው ይበቃል። በደንብ የተሠራ ጎማ ቁልፍ እምብዛም አይጠይቅም፤ በየሳምንቱ የሚለምንህ ከሆነ ውጥረቱ አንሷልና በየጊዜው ከማቃናት ሁሉንም እኩል ጨምርለት።

12. ሙያውን ለሰው አስተላልፍ፣ ለሥራህም ተጠያቂ ሁን።

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጋላቢዎች እንዳሉን ይህ ይመሰክራል። ጋላቢ ግን ያለ ጎማ ሠሪ ሩቅ አይሄድም፤ ተማሪውም፣ ወደ ገበያ የሚወርደው ገበሬም እንዲሁ። አጋርፋ ስሟ በአገር የታወቀው በገበሬዎች ማሠልጠኛዋ ነው፤ ከየክፍለ ሀገሩ ሰው መጥቶ በእጁ እየሠራ የተማረባት ከተማ ናት። አንተም በዚያው ወግ ሂድ።

ታናሽህ ሊማር ሲመጣ እያሳየኸው አትጨርስበት፤ ቁልፉን እጁ ላይ አኑርና አንተ ተመልከት። ሲሳሳት አቁመውና «ድምፁን ስማ» በለው እንጂ ነጥቀህ አታስተካክልለት። ለሰው ስትሠራም ያረጀ ቸርኬ ይዞልህ ከመጣ ሳታፍር «ይህ አይሆንም» በለው፤ ተቀብለህ ብትሠራው የምታስረክበው አደጋ ነው። ጎማውን ስታስረክብ ከሳምንት በኋላ መልሶ እንዲያመጣው ንገረውና ያለ ክፍያ አቃናለት። ያ ሁለተኛው ፍተሻ የሥራው አካል ነው፤ ዋጋህን ስትተምን አብረህ ቁጠረው።